ጨው የተቆለፈበት ሾፌር

እስቲ ይህን ድስት ተመልከቱት። ካሮቱ፣ ድንቹና ጎመኑ አብረው ተቀቅለው፣ ተቀቅለው፣ የቱ የቱ እንደሆነ እስኪጠፋ ድረስ ዝለዋል። ጨው የለው፣ ወዝ የለው፣ ጠረን የለው። "የጤና ምግብ ነው" ይባላል። ጤና እንዲህ ከሆነ በሽታ ምን በደለ?

ድስቱ ፊት የተጎለተው ሰውዬ ሃያ ስድስት ዓመት ከባድ መኪና የነዳ ሾፌር ነው። ባልደረቦቹ "ጡሩንባ" ይሉታል፤ ከመኪናው ጡሩንባ የእሱ ድምፅ ቀድሞ ይሰማል እያሉ። በቅርቡ መሪ እንደያዘ ዓይኑ ጭልም አለበት። ፈጣሪ ሲጠብቀው ዳር ይዞ አቆመ። ሐኪም ቤት ሲለካ የደም ግፊቱ ጣራ ነክቷል። ሐኪሙ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ እንዲህ አለው፦

"ጋሼ፣ ጨው ይቀንሱ፣ ቅባት ይቀንሱ፣ መድኃኒቱን እንዳያቋርጡ። በአርባኛው ቀን ይምጡ። ያኔ ሁሉንም አይቼ ደህና ከሆኑ ለመንጃ ፈቃዱ እፈርማለሁ። እስከዚያ መሪ አይነኩም።"

"መሪ ካልያዝኩ ምን ልይዝ ነው?"

"ማንኪያ" አለ ሐኪሙ። በቀልዱ የሳቀው ራሱ ብቻ ነበር።

ቤቱ ሁለት ክፍልና አንድ ማድ ቤት ነው። ሳሎኑ በስድስት እርምጃ ያልቃል። ዕድሜ ልኩን ከተማ ለከተማ ሲዞር የኖረ ሰው ከበር እስከ መስኮት፣ ከመስኮት እስከ በር ይመላለስ ጀመር። ጠዋት ጠዋት መኪናው በአስፋልቱ ሲያልፍ ከአልጋው ሆኖ ይለየዋል። "ማርሹን አስጮኸው! ይሄ ቀጥቃጭ!" ይላል ለግድግዳው። የሚነዳው ሌላ ሰው ነው።

ሚስቱ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ የሸሚዝ ኮሌታ ትሰፋለች። ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ወጥታ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ትመለሳለች። ትመለሳለች ማለትም ማድ ቤት ትገባለች ማለት ነው፤ ማረፍ የሚባል ነገር በመሃል የለም። ባሏ መንገድ ላይ ሊቀርባት እንደነበር ካወቀች ወዲህ ልቧ ቦታው የለም። ሐኪሙ ቀንሱ ያለውን እሷ ከፍርሃቷ ብዛት ጭራሽ አጠፋችው። ዘይቱን ለጎረቤት ሰጠች፣ ሽንኩርት መጥበስ ተወች፣ ጨዉን ቁምሳጥን ውስጥ ቆልፋ ቁልፉን አንገቷ ላይ አንጠለጠለች።

"ይሄ ምንድን ነው?" አላት የመጀመሪያው ሳምንት ላይ።

"እራት።"

"እራት አይደለም። የታጠበ እራት ነው።"

"ብላ፤ አትነዝንዘኝ።"

"እስረኛ እንኳን ጨው አይከለከልም!"

"እስረኛ ሚስት የለውማ።"

የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጃቸው ሳቋን በደብተሯ ሸፈነች።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን "ለጤናዬ ልራመድ" ብሎ ወጣ። የተራመደው እስከ መንገዱ ጥግ፣ እስከ ድንች ጠባሿ ድረስ ነው። ጨዉ ከላይ እንደ አሸዋ የተነሰነሰበትን ድንች ቆሞ በላ፤ ደገመ። እስከ ሃያኛው ቀን ድረስ ጤናውን እንዲህ ሲጠብቅ ሰነበተ። አርባ ቀን ጠብቆ ወደ መንገዱ ሊመለስ የሚመኝ ሰው በገዛ እጁ በሩን ሲዘጋ አያችሁ? ሞኝነት ነው እንዳትሉ፤ የታሰረ ሰው መጀመሪያ የሚሰብረው የራሱን ጣት ነው።

ሚስቱ ኮቱን ልታጥብ ኪሱን ስትፈትሽ ቅባት የጠጣ ወረቀት አገኘች። ጨዉ ገና እጥፋቱ ውስጥ ነበር። አልጮኸችም። ጡሩንባ ጩኸት ይችላል፤ ዝምታ ግን አይችልም።

"በይ ተናገሪ እንጂ!"

ጭልፋውን አምጥታ ጭኑ ላይ አስቀመጠችለት።

"ከነገ ጀምሮ አንተ ሥራ።"

"እኔ? እኔ እኮ ሾፌር ነኝ!"

"እኔም ልብስ ሰፊ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ቀቅዬ፣ ጠብሼ፣ አቅርቤ፣ አንድ ቀን ጣፈጠ ብለህ አታውቅም። ጨው አነሰው፣ ጨው አነሰው ብቻ። ካወቅክበት አጣፍጠው።"

ከዚያን ቀን ወዲህ ለሦስቱም የሚሆን ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨውና ትንሽ ዘይት ለቀኑ ለክታለት ትወጣለች። የቀረውን ራሱ ይወጣው።

ማድ ቤቱ መስኮት የለውም። እጁን ቢዘረጋ ግራና ቀኝ ግድግዳ ይነካል፤ ቀና ቢል መደርደሪያው አናቱን ይመታዋል። የመኪናው ጋቢና እንኳን ከዚህ ይሰፋል። በመጀመሪያው ቀን ሁሉንም ነገር ባንዴ ወርውሮ እሳቱን ለቀቀው፤ ታቹ አረረ፣ ላዩ ጥሬ ቀረ። በሁለተኛው ቀን ነጭ ሽንኩርቱን አሳረረው፣ ሎሚውን ከምስሩ ጋር አፍልቶ አመረረው። የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጦ "አለቀልኝ" አለ። ላቡ ከአገጩ ላይ ይንጠባጠባል።

በሦስተኛው ቀን ግን ሰማ። ሽንኩርቱ ድስቱ ውስጥ ሲገባ ይጮኻል። ውሃው እያለቀ ሲሄድ ጩኸቱ ይቀንሳል፣ ወፈር ይላል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ይንሾካሾካል። ጡሩንባ አንገቱን ሰበር አደረገ። ይህንን ቋንቋ ያውቀዋል! ሞተር ዳገት ላይ ሲጨነቅና ሲላቀቅ እንዲህ ነው። ሰዓት አላየም፣ ወረቀት አላነበበም። ድምፁ ሲሾል እሳቱን ቀነሰ፣ ሊያርር ሲል ጠብታ ውሃ ጣል አደረገበት። ሽንኩርቱ በአንድ ማንኪያ ዘይት ብቻ ቀላ፣ ጣፈጠ፣ ቤቱን በመዓዛ ሞላው። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብሉን ከዚያ በኋላ፣ ቲማቲሙን ውሃው እስኪመጠጥ፣ ምስሩን በመጨረሻ ጨመረ። ድስቱን ካወጣ በኋላ ሎሚውን ጨመቀበት። ያቺን ትንሽ ጨው ደግሞ አላበሰላትም፤ ሳህን ላይ ከቀረበ በኋላ ምላስ ቀድሞ እንዲያገኛት ከላይ በተናት።

"አባዬ፣ ይሄ እኮ ይጣፍጣል!" አለች ልጅቱ።

እናትየው ጎረሰች። አላመጠች። ዋጠች።

"ጨው አነሰው" አለች።

ደሙ ፈላ። ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ የቆመበት ወገቡ፣ የተቃጠለው አውራ ጣቱ፣ ሁሉም ባንዴ ጮኹበት። እሷ ቀና ብላ አላየችውም፤ ሳህኗን ግን ጠርጋ በላች።

ጎማ የሚሉት ወፍራም ባልደረባው ሊጠይቀው መጣና ሽርጥ ታጥቆ አገኘው።

"ጡሩንባ! አማረብህ እኮ! ሠርጉ መቼ ነው?"

"አንተም ታመህ ደረትህን ይዘህ ስትመጣ እድርልሃለሁ። ቁጭ ብለህ ብላ።"

ጎማ ሁለት ሳህን ጨረሰ።

"ዋሽተሃል። ይሄ ጨው አለው።"

"ከጥፍርህ እድፍ ያነሰ።"

ሰውየው ሳቀ፣ አፉን ጠራረገ፣ የመኪናውን ቁልፍ እያሽከረከረ ወጣ። ጡሩንባ የቁልፉን ድምፅ እስኪርቅ ሰማው። ወደ ድስቱ ተመለሰ፤ ወዴት ይሂድ?

አርባኛው ቀን ደረሰ። ሐኪሙ ለካ፣ ደግሞ ለካ።

"ጋሼ፣ ምን ቢበሉ ነው? ወርዶልዎታል እኮ!"

"ይፈርሙልኛላ!"

ሐኪሙ ግን በመብራት ዓይኑን ሲመረምር ቆየ። ቆየ። ከዚያ ብዕሩን ኪሱ ከተተ።

"ግፊቱ ቆይቶብዎታል፤ ዓይንዎን ከውስጥ ጎድቶታል። ምግቡ ባለበት እንዲቆም ይረዳል፤ የሄደውን ግን አይመልስም። ለከባድ መኪና አልፈርምም።"

ሃያ ስድስት ዓመት በአንድ ቃል አለቀ። በእግሩ ተመለሰ፣ ማድ ቤቱ ገባ፣ ባልዲው ላይ ተቀመጠ። ሚስቱ ከሥራ ስትገባ እዚያው አገኘችው።

"አልፈረመም" አላት። "በቃ። እዚሁ ልቀር ነው። እዚህች ጉድጓድ ውስጥ!"

ሚስቱ የበሩን መቃን ተደገፈች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ ድምፅዋ ግን ደረቅ ነበር።

"አዝኛለሁ፣ የልጄ አባት። እውነቴን ነው፣ አዝኛለሁ። ግን እስቲ ንገረኝ፤ ሃያ ሁለት ዓመት እዚህች ጉድጓድ ውስጥ ስቆም፣ እኔ እንድወጣ ማን ነበር የሚፈርምልኝ?"

መልስ ያለው ካለ ይምጣ።

ከልማዷ ሽርጡን ልታነሳ እጇን ዘረጋች። ለሁለት ሰው ቦታ የለም፤ ትከሻቸው ተጋጨ።

"ውጪ" አላት።

"ምን?"

"ውጪና ቁጭ በይ።"

ወጣች። ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሳህን ልታመጣ ተነሳች፣ "ቁጭ!" አላት ከውስጥ። ውሃ ልትቀዳ ተነሳች፣ "ቁጭ በይ እኮ ነው የምልሽ!" መቀመጥ አልሆንላት አለ፤ እጆቿን የት እንደምታኖራቸው ጠፋት። ልጃቸው እናቷን እንደ እንግዳ ታያታለች። እሱም ውስጥ በላብ ተጠምቆ፣ በሩን ክፍት ትቶ ያማስላል።

አንተ አንባቢ፣ ሳህን ቀርቦልህ የምታኮርፍ፣ ልለምንህ። ዛሬ እራት አትጠብቅ። ተነስ፣ ምግብ የምታበስልልህ እናትህም ትሁን ሚስትህ፣ እህትህም ትሁን ሠራተኛህ፣ ከምድጃው ፊት አውጣትና ቦታዋን ያዝ። ነገም፣ ከነገ ወዲያም እንዲሁ አድርግ።