አሥራ ሦስተኛው ፋይል

መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ከሰው ኃይል ክፍል በቀር እውነተኛ ስሟን የሚያውቅ የለም። ለሁሉም እትዬ ቁጥሬ ናት። ፕሮግራም ፈታሽ ከመሆኗ በፊት ዘጠኝ ዓመት የመሣሪያ መጋዘን ጠባቂ ነበረች፤ መዶሻ የወሰደ ሰው ሳይመልስ በር አያልፍባትም ነበር። ኮምፒውተር ስትማርም ያው አመሏ አብሯት መጣ። ፕሮግራም የከፈተውን ፋይል መዝጋት አለበት፤ ከፍቶ የረሳውን እየቆጠረች እጅ ከፍንጅ ትይዘዋለች።

ያን ቀን የምትፈትሸው፣ አንድ ፎልደር እየጠበቀ አዲስ ፋይል ሲገባ ደወል የሚያሰማ ፕሮግራም ነበር። ሥዕል የለው፣ የሚነካ ነገር የለው፤ ጥቁር መስኮት ላይ አንድ መስመር ትእዛዝ ይጻፍለትና ሥራውን ይጀምራል። የመጀመሪያው እትም ታናሽ እህቷ ነርስ በሆነችበት ሆስፒታል ከተተከለ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። ከላቦራቶሪ ውጤት ሲላክ የበሽተኞች ክፍል ኮምፒውተር ይጮሃል፤ እህቷ «አውራ ዶሮሽ» ትለዋለች። አሁን ሁለተኛው እትም ለሌላ ሆስፒታል ሊሄድ ነው፤ የቀረው የእሷ ፊርማ ብቻ ነው።

ፎልደሩን አጥፍቶ መልሶ የሚፈጥር ትእዛዝ ጻፈችና ደጋግም አለችው። በሌላ መስኮት የተከፈቱትን ፋይሎች ትቆጥራለች። አሥራ ሁለት። አሥራ ሦስት። አሥራ አራት። ፎልደሩ በጠፋ ቁጥር ፕሮግራሙ የድሮውን ሳይለቅ አዲሱን ይይዛል። አንድ ሺህ ሃያ አራት ላይ ቆመ፤ ኮምፒውተሩ ከዚያ በላይ አይፈቅድለትም። አዲስ ፋይል አስገባችበት። ዝም። ሌላ አስገባች። ዝም። ተሳስቻለሁ የሚል ቃል እንኳ አልተነፈሰም፤ ላየው ሰው በደህና ሥራ ላይ ያለ ይመስላል።

ሌላ ፈታሽ ስህተት ሲያገኝ ደስ ይለዋል። እሷን ግን ጭንቅ ጭንቅ አላት። የመጀመሪያውን እትም የፈተሸችበትን ደብተር ገለጠች። በራሷ የእጅ ጽሑፍ «ፎልደሩ አንዴ ጠፍቶ ሲመለስ ከ12 ወደ 13። ትንሽ ነው። ያልፋል» ይላል፤ ከሥሩ ፊርማዋ አለ። የፈረመች ቀን የልጇ ትምህርት ቤት ስብሰባ ነበረባትና ቸኩላ ነበር። መዶሻ ቢሆን ኖሮ አታልፈውም።

ፕሮግራሙን የጻፈውን ፕሮግራመር ጠራችው። «ሆስፒታሉ ፎልደሩን በየስንት ጊዜው ነው የሚያጠፋው?»

«በየግማሽ ሰዓቱ ያጸዱታል» አለና ቁጥሩን ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ።

በቀን አርባ ስምንት። ወረቀት ላይ አሰላችው። አንድ ሺህ ሃያ አራት ለመሙላት ሃያ አንድ ቀን ከሁለት ሰዓት ይበቃዋል። ፕሮግራሙ የተጀመረው የዛሬ ሃያ አንድ ቀን ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነው። የግድግዳው ሰዓት ሰባት ሰዓት ይላል፤ ከሞላ ሁለት ሰዓት አልፎታል።

አለቃዋ ነገሩን ሰምቶ መጣና በሩን ዘጋ። «ተረጋጊ። ዛሬ እናስተካክለውና ነገ ማሻሻያ ብለን እንልክላቸዋለን። አሁን ሆስፒታሉ ጋ ብትደውዪ ግን መጀመሪያ የምትባረሪው አንቺ ነሽ፤ እኔም አላድንሽም።»

እውነቱን ነበር። ልጇን የምታሳድገው ለብቻዋ ነው። ፈራች። ቢሆንም ስልኩን አነሳች።

«እታለም፣ ምነው በደህና?» አለች እህቷ።

«ደወሉ መጨረሻ የጮኸው መቼ ነው?»

«አውራ ዶሮሽ? ከአምስት ሰዓት ወዲህ ድምፁም የለ። ዛሬስ አምላክ አሳረፈን ብለን ቁጭ ብለን እየተጫወትን ነው።»

«ተነሺ። ላቦራቶሪ በእግርሽ ሂጂ። ፕሮግራሙ ደንቁሯል። ደህና ነው ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ።»

የእህቷ ኮቴ ሲርቅ ተሰማ። እትዬ ቁጥሬ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ቆመች። ከስንት ጊዜ በኋላ ኮቴው ተመለሰ።

«ዘጠኝ ወረቀት ነው» አለች እህቷ እያለከለከች። «አንዱ ቀይ ተሰምሮበታል፤ የአራተኛ አልጋው ሰውዬ ነው። እታለም፣ የወጣው እኮ አምስት ተኩል ላይ ነው።»

«ትደርሱለታላችሁ?»

እህቷ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ትታ ሮጣለች። የተከፈተ ነገር ሳይዘጋ ማየት የማትወደው ሴት ያን ስልክ ለመዝጋት እጇ አልታዘዝ አላት። ከወዲያ የሰው ጫጫታ፣ የጎማ ድምፅ፣ የበር መከፈት ይሰማታል። ስምንት ሰዓት አለፈ። ስምንት ተኩል ሊሆን ሲል እህቷ መጥታ «ተርፏል» አለቻት፤ ያን ጊዜ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

በማግስቱ የስንብት ደብዳቤዋ መጣ። ከመፈረሟ በፊት ሦስት ጊዜ አነበበችው።