ኦቦ ቶሎሳ ያልሸጡት ጊታር

ባለፈው ሳምንት ቡራዩ ወዳለችው የጊታር መጠገኛዬ አንድ ጋዜጠኛ መጣ። በቅርቡ የሞተውን ስመ ጥር የሬጌ ዘፋኝ ኤሌክትሪክ ጊታር ታሪክ እየተከታተለ ነው። የጻፈውን አነበበልኝ፤ «በአደራ የተቀበሉት የሱሉልታ ገበሬ ሸጡት» ይላል። ደሜ ፈላ። በማያውቁት ሰው ስም የሚጫወቱ ልጆች ያናድዱኛል። ይበልጥ የከነከነኝ ግን ወሬው ከማን አፍ እንደወጣ ማወቄ ነው።

ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ሰበታ፣ አንድ ሆቴል ውስጥ በሚጫወት ባንድ ጊታር እመታለሁ። ዘፋኙ ያኔ ስሙ አልወጣም፤ ከአለቃችን ከጋሽ ታደሰ ጋር ተጣልቶ ጥሎን ሄዷል። ጊታሩን ሱሉልታ፣ ቤት አከራይተውት ከነበሩት ገበሬ ከኦቦ ቶሎሳ ዘንድ አስቀምጧል። ጋሽ ታደሰ ቂመኛ ነበር። «ሂድ አምጣው፤ እምቢ ካሉህ ሞቷል በል» አለኝ። እኔም በጊታሩ ላይ ዓይኔን ከጣልኩ ቆይቻለሁ።

ነሐሴ ነበር፤ የሱሉልታ ጭቃ ጫማዬን ሁለቴ ነጠቀኝ። ኦቦ ቶሎሳ የገብስ ቆሎ አቀረቡልኝ። ጊታሩን ስጠይቃቸው ሳቁ።

«የሰው አደራ ነው። እሱ ራሱ ይምጣ።»

«ሞቷል። ወንድሙ ነኝ» አልኩ።

ሽማግሌው ራሳቸውን ይዘው ጮኹ። ጎረቤት ተሰበሰበ። በሕይወት ላለ ሰው ንፍሮ ተቀቀለ፤ እኔም ለቅሶ ተቀምጬ በላሁ። ጨው አንሶታል ብዬ ማሰቤ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። ስነሳ ጊታሩን በጋቢያቸው ጠቅልለው ሰጡኝ። እንጨቱ እንዳይሰነጠቅ ቅቤ ቀብተውት ነበር።

«ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ እግዜር ያጽናህ» አሉኝ።

ከወር በኋላ፣ እሑድ ከሰዓት፣ ዘፋኙ ሆቴላችን ገባ። መድረክ ላይ ወጥቶ ጊታሩን ከአንገቴ አወለቀው። «ከየት አመጣችሁት?» ሲል ጋሽ ታደሰ ቀደመኝ።

«ገበሬህ ሸጠልን።»

ዘፋኙ ዞሮ አየኝ። ዝም አልኩ።

ስሙ አገር ምድሩን ከሞላ በኋላም ሱሉልታን አልረገጠም። ኦቦ ቶሎሳ ያለቀሱለትን ሰው ድምፅ በሬዲዮ ሰሙ፤ አንድ ቀን ይመጣል እያሉ እስኪሞቱ ጠበቁት ብለውኛል ጎረቤቶቻቸው።

ለጋዜጠኛው ይህንን ሁሉ ነገርኩት። ስሜን ከነአባቴ አስጻፍኩት፤ «ሸጡት» የሚለውንም እፊቴ እንዲሰርዝ አደረግሁ። ሲሰርዝ ሊያጽናናኝ ፈለገ።

«ጋሼ፣ ያኔ እኮ ልጅ ነበሩ።»

ውጣልኝ አልኩት። ሃያ ሁለት ዓመት ልጅነት አይደለም።