ቢጫው ሣጥን

ባሌ ጎሚስታ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ጎማ ሲፈታና ሲለጥፍ እጁ ጠቁሮ ቀርቷል፤ ሳሙና ተስፋ ቆርጦበታል። ጎማ ባላንስ ሲሠራ ከቸርኬው የሚያነሳውን አሮጌ እርሳስ አይጥልም። አቅልጦ፣ ጡብ አስመስሎ ለባትሪ ሠሪዎች ይሸጣል።

ሌቦች ግን መቆሚያ መቀመጫ አሳጡት። እርሳሱን የሚያጠራቅምበትን ሣጥን ሁለት ጊዜ ሰብረው ወሰዱበት። ሦስተኛውን ሣጥን ሲያሠራ፣ ሐኪም ቤት የራጅ ክፍል በር ላይ ያየውን የጨረር ምልክት በቢጫ ቀለም ሣለበት። «እስቲ አሁን ይምጡ!» አለ። እውነትም ዝር ያለ የለም። እኔም የባሌን ብልጠት ለሰፈሩ ሳወራ ከረምኩ።

ባለፈው ሰኞ ለባትሪ ሠሪዎቹ እንዲያደርስለት ሣጥኑን በታናሽ ወንድሜ መኪና ላይ ጫነው። ምልክቱን መፋቅ ለሦስታችንም ትዝ አላለንም።

በማግስቱ ምሳ ስንበላ በቴሌቪዥን ዜናው መጣ። «በኮንትሮባንድ ሊወጣ የነበረ የኒውክሌር ንጥረ ነገር ከነአሽከርካሪው ተያዘ። ባለሙያዎች አረጋግጠዋል።» ሣጥኑን አሳዩት። ያ አንድ ክንፉ የተንሻፈፈ ሥዕል የባሌ እጅ ነው።

«ውሸት! የኔ እርሳስ ነው!» አለ። ጉርሻውን መልሶ አስቀመጠና፣ «ባለሙያ አረጋግጧል ካሉ ግን...»

«ግን ምን? ወንድሜን ነው የምትጠረጥረው?»

«መንገድ ላይ ማን ምን እንዳስያዘው በምን አውቃለሁ?»

አንባረቅሁበት። ከዚያ ሬዲዮ ከፈትኩ፤ እዚያም ያንኑ ይላሉ። ጣቢያ ቀየርኩ፤ ያው ነው። ስነሳ ስቀመጥ ዋልኩ፤ ማጀት ገብቼ ለምን እንደገባሁ ይጠፋኛል።

ረቡዕ ጠዋት ፖሊስ ጣቢያ ሄደን ባሌ ሁሉንም ተናዘዘ።

«ያረጋገጠው ባለሙያ ምን አገኘ?» ብዬ ጠየቅሁ።

መርማሪው ጉሮሮውን ጠረገ። «ምልክቱን አይቷል። ከሩቅ።»

«ሳይከፍት?»

«ማን ይከፍታል፣ እናቴ?» አለና ወደ ባሌ ዞሮ፣ «ያንተ ከሆነ አንተው ክፈተው» ብሎ ራሱ በሩ ጋ ሄዶ ቆመ።

ወንድሜን በካቴና አመጡት። ባሌ ቁልፉን አውጥቶ ጥግ የተቀመጠው ሣጥን ላይ ጎንበስ አለ። በገዛ ብሩሹ የሣለው ነገር ላብ በላብ አደረገው። ቆይቶ፣ ቆይቶ፣ ከፈተው።

እርሳስ ነው። ሌላ ምንም የለም። ፖሊሶቹ እየሳቁ ካቴናውን ፈቱ፤ ባሌም ሊያቅፈው ሄደ።

«ጠርጥረኸኝ ነበር አይደል?» አለው ወንድሜ። ባሌ አቀረቀረ። ወንድሜ ግን በባሌ ትከሻ አሻግሮ ዓይኑ እኔን ይፈልጋል። ሣጥኑ ሲከፈት ከክፍሉ ወጥቼ፣ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተለጥፌ በክፍቱ በር አይ ነበር።

«እታለም፣ አንቺም?» አለኝ።