ከገጽ መቶ ስልሳ በኋላ

ጠራዡ ጡረታ ከወጣ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ጥርጣሬው ግን አሁንም ሥራ ላይ ነው። ማተሚያ ቤት ሳለ ባልደረቦቹ «ድገመው» ይሉት ነበር። ሌላው የቆጠረውን ገጽ ካልደገመ፣ የደገመውን ካልሠለሰ እንቅልፍ አይወስደውማ። ዛሬም ሚስቱ ከገበያ ስትመለስ ቲማቲሙን አንድ በአንድ ያገላብጣል። ከሁሉ በላይ የሚከነክነው ግን የቆየ ነገር ነው። ሚስቱ ያኔ ፖስታ ቤት ደብዳቤ ትለይ የነበረች ቆንጆ ነበረች፤ አባቷም «ልጄን ለጠራዥ አልሰጥም» ብለው ነበር። ታዲያ ምን አይታ እሺ አለችው? አርባ ዓመት ሙሉ አልጠየቃትም። መልሱን ፈርቶ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በረንዳ ላይ ሻይ ይዘው ድሮ ያነበቧቸውን መጻሕፍት እያነሱ ይጫወቱ ነበር፤ እሱ ማጣበቂያው እስኪደርቅ ሲጠብቅ የጨረሳቸውን፣ እሷ ከደብዳቤው ክምር ሥር ደብቃ ያነበበቻቸውን።

«እኔ ከሁሉም ያ አንተ የሰጠኸኝ ይበልጥብኛል» አለች። «የጀልበኛው ልጅ። ፍርድ ቤት ቆማ ዳኛውን አፍ ያስያዘችበት ቦታ፣ አሁንም ሳስበው እንባዬ ይመጣል።»

ጆሮው ቆመ። «የምን ፍርድ ቤት?»

«ወንዙን ከተሻገረች በኋላ ነዋ!»

በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ፍርድ ቤት የለም። ዳኛም የለም። የጀልበኛው ልጅ የወንዙን ማዶ በእግሯ ረግጣ አታውቅም። እሱ የማተሚያ ቤቱን ቅጂ ሦስት ጊዜ አንብቦታል።

አላነበበችውም ማለት ነው። ወይም፣ ይህኛው ይብሳል፣ ከሌላ ሰው መጽሐፍ ጋር ተምታቶባታል። ወዲያው ያ መነጽራም ቴምብር ሻጭ ትዝ አለው፤ ከእሷ ጎን ይቀመጥ የነበረው፣ ፀጉሩን በቅባት የሚያስተኛው፣ መጽሐፍ አዋሹ። ሰውዬው ከሞተ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። ቅናት ግን መች ቀብር ደርሶ ይመለሳል?

«መነጽራሙ ነው የሰጠሽ» አለ።

«ምኑን?»

«ባለ ፍርድ ቤቱን።»

ትክ ብላ አየችውና ሳቀች። የሌባ ዓይነ ደረቅ፣ መልሶ ልብ ያደርቅ፣ አለ በሆዱ።

በማግስቱ ጥርሷን ልትታከም ስትሄድ ሻንጣዋን ከፈተ። ነውር መሆኑ ጠፍቶት አይደለም፤ እጁ እንቢ አለው እንጂ። ከሹራቦቿ ሥር አገኘው። አረንጓዴ የጨርቅ ሽፋን፣ ጥርት ያለ ስፌት። አለቃውን አስፈቅዶ ከተረፉ የታተሙ የወረቀት እጥፎች ለቅሞ በምሳ ሰዓት የጠረዘላት ነው።

ከመጀመሪያው ያዘው። ጀልበኛው፣ ወንዙ፣ ማዶ ማዶውን የምታየው ልጅ፣ ሁሉም በቦታው ነው። ገጽ መቶ ስልሳ መጨረሻ ላይ ልጅቷ አንድ እግሯን ጀልባው ላይ አድርጋለች። ገለጠ። ገጽ መቶ ስልሳ አንድ፦ «ዳኛው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።»

ዓይኑን አሸት አድርጎ ደገመው። ዳኛው አሁንም አሉ። ልጅም አለች፤ ስሟ ግን ሌላ ነው።

ያኔ ገባው። በዚያ ሳምንት ጠረጴዛው ላይ ሁለት ልቦለድ ጎን ለጎን ተከምሮ ነበር፤ ወረቀቱ አንድ፣ ፊደሉ አንድ፣ እጥፉ ሁሉ ባለ አሥራ ስድስት ገጽ። ጠራዥ ደግሞ የሚያየው የገጽ ቁጥር ነው እንጂ ታሪክ አይደለም። ከመቶ ስልሳ ቀጥሎ መቶ ስልሳ አንድ ከመጣ መርፌውን ይሰዳል። የሰውን ሥራ ሁሉ ሲደግም የኖረ ሰው፣ ለወደዳት ልጅ የሰፋውን አልደገመም። እፍረት ከእግር ጥፍሩ እስከ ራስ ፀጉሩ ወረረው።

ጉንጯ አብጦ ስትመለስ መጽሐፉን ጭኑ ላይ አድርጎ ጠበቃት።

«ሻንጣዬን በረበርከው?»

«በረበርኩት። ስሚ፣ ይሄ እኮ ሁለት መጽሐፍ ነው። ግማሹ የሌላ ታሪክ ነው። አጥፊው እኔ ነኝ።»

«ሁለት?» ተቀብላ አገላበጠችው። «ስሟ የተለወጠው ለዚህ ነዋ! እኔ ደግሞ ከተሻገረች በኋላ አባቷ እንዳያገኟት የቀየረችው መስሎኝ።»

«አልተሻገረችም። አባቷን ትታ መሄድ አልሆነላትም። ጀልባዋን ወርሳ እዚያው አረጀች።»

ያበጠ ጉንጯን በእጇ ደገፈች። ጥርሷ ይሁን ሌላ ነገር፣ አይታወቅም። እሱ ደግሞ አመል አይለቅምና፣ አሁን ምን እየደበቀችኝ ነው ብሎ ፊቷን መመርመር ጀመረ።

«ይህን መጽሐፍ የጨረስኩት» አለች ቀስ ብላ፣ «አባቴ ‹ከወጣሽ አትመለሺም› ባሉኝ በሦስተኛው ቀን ነው። እሷ ከተሻገረች እኔን ምን ያቅተኛል ብዬ ነው ልብሴን የሸከፍኩት።»

መጽሐፉን ዘግታ መልሳ ጭኑ ላይ አስቀመጠችው።

«ሥራህን በደንብ ሠርተህ ቢሆን ኖሮ፣ እስከ ዛሬ አባቴ ቤት ነበርኩ።»