ሳታስፈቅድ ያነሳችኝ ቀን

እናቴ የብርጭቆና የሳህን መደብር ውስጥ ሻጭ ነበረች። «ሳያስፈቅዱ መንካት ክልክል ነው» የሚለውን ማስታወቂያ በእጇ ጽፋ መደርደሪያው ላይ የለጠፈችው እሷ ናት። ማስታወቂያውን ያላነበበ ደንበኛ እጁን ከዘረጋ ዓይኗ ይበቃዋል። ያን ዓይን እኔም ልጅ ሆኜ ቀምሼዋለሁ።

እኔ ጊዜዬን ሳልጠብቅ በሰባተኛው ወር መጣሁ። ችኮላዬ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። ሆስፒታል የማሞቂያ ሳጥን ውስጥ አስተኙኝ፤ እናቴ ከመስታወቱ ውጭ ቀረች። እጇን ስትሰድ ነርሷ ቀድማ ደረሰች።

«ቆይ እናት! መጀመሪያ ታጠቢ። ደግሞ ሳትጠይቂ አትንኪያት።»

«የእጄን አገኘሁ» እያለች ኋላ ላይ ስትተርክልን ትስቃለች። ያኔ ግን አልሳቀችም። እስከ ክርኗ ታጥባ፣ አስፈቅዳ፣ በአንድ ጣቷ እግሬን ነክታ ትመለሳለች። ሌሎች እናቶች ልጆቻቸውን ታቅፈው ሲወጡ ስታይ፣ እኔ የሆስፒታሉ ልጅ እንጂ የእሷ አልመስላት አልኩ።

ኪሎዬ ሞልቶ ቤት ስንገባ ያ ስሜት አብሮን ገባ። አባቴን «ልያዛት?» ትለዋለች፤ «ምን ነካሽ አንቺ?» ይላታል። አብራን የምትኖረውን አያቴን፣ አማቷን ማለት ነው፣ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ታስፈቅዳታለች።

«እማማ፣ ላንሳት?»

«አንሺያት እንጂ ልጄ።»

«እማማ፣ ልጠባት?»

አያቴ ምላሷ ረጅም፣ ትዕግሥቷ አጭር ነበር። እንዴት እንደቻለችው ይገርመኛል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አያቴ ጓዳ ሽንኩርት ስትከትፍ እኔ አለቀስኩ።

«እማማ፣ ላንሳት?»

መልስ የለም። ቢላዋው ግን ይከትፋል።

«እማማ! ታለቅሳለች እኮ!»

ለቅሶዬ ጣራ ነካ። እናቴ እጇን ታጥባ አልጋዬ አጠገብ ቆማ አንዴ ጓዳውን፣ አንዴ እኔን ታያለች። በመጨረሻ ብድግ አድርጋ ደረቷ ላይ ለጠፈችኝ። ዝም አልኩ አሉ።

አያቴ ቢላዋዋን እንደያዘች ብቅ አለች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ በሽንኩርቱ አሳበበች።

«ጆሮዬ ደህና ነው፣ ሰምቼሻለሁ» አለች። «በገዛ ልጅሽ እኔን ምን ታስፈቅጂኛለሽ?»

ከዚያ ወዲያ እናቴ ከእቅፏ አላወረደችኝም። ሊስመኝ የመጣ ጎረቤት ሁሉ እሷን ማስፈቀድ ነበረበት፤ ያ ዓይኗም ተመለሰ።

አያቴ ካለፈች ቆይታለች። መደብሩ የስልክ መሸጫ ሆኗል፤ ባለፍኩ ቁጥር ማስታወቂያውን እፈልጋለሁ። ያ ቤት፣ ከጓዳ የሚመጣው የሽንኩርት ሽታ ሳይቀር፣ ይናፍቀኛል።

ባለፈው ወር እኔም ወለድኩ። እናቴ ገና ከበር እንደገባች በቀጥታ ወደ ቧንቧው ሄደች። እስከ ክርኗ ታጥባ፣ እጅጌዋ እንደራሰ መጥታ አልጋዬ አጠገብ ቆመች።

«ልያዘው?» አለችኝ፣ ቀስ ብላ።

እሺ ልላት አፌን ስከፍት አያቴ ትዝ አለችኝ። አፌን ዘግቼ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

«አንቺ! ልያዘው ወይ?»

አልዞርኩም። ከዚያ ልጄ ከጎኔ ሲነሳ ተሰማኝ።

«ና እስቲ» አለችው፣ «ና ወደ አያትህ።»