በወንድሜ ግራ እግር ውስጥ ያለው ብረት

በቀደም ቴሌቪዥን ላይ ብረት ሲያትሙ አየሁ። የቲታኒየም ዱቄት ያነጥፋሉ፣ በጨረር ያቀልጣሉ፣ ደግሞ በላዩ ያነጥፋሉ። የልጅ ልጄ «ጉድ እኮ ነው፣ አባባ!» አለኝ። እኔ ተነሥቼ ወጣሁ።

ነገሩ የሆነው ኢሕአዴግ ገና ወንበሩ ላይ ሳለ ነው፤ የኔም ጉልበት ገና አልከዳኝም ነበር። ታላቅ ወንድሜ ታደሰ መናኸሪያ ዕቃ ሲጭን ከአውቶቡስ ጣሪያ ወድቆ ሁለቱም እግሩ ተሰበረ። ለሕክምና የመጡ ፈረንጆች እንዲህ የታተመ ብረት በሁለቱም እግሩ አጥንት ላይ አስረውለት አገራቸው ገቡ። ክረምት ላይ የቀኙ ብረት ለሁለት ተሰበረ። የኛ ሐኪም በሌላ ቀየረለትና ስብርባሪውን በፋሻ ጠቅልሎ ሰጠኝ። ለምን እንደተሰበረ ካላወቅሁ አልተኛም አልኩ። የግራው እኮ ገና ውስጡ ነው!

ከሐይቁ ዳር፣ ከአሞራ ገደል ገበያ ዓሣ ገዝቼ፣ በጭቃው እየተንሸራተትኩ፣ ብረት የምትመረምር የዩኒቨርሲቲ አስተማሪ ዘንድ ሄድኩ። «ዓሣውን ለወንድምህ» ብላ ብረቱን ብቻ ተቀበለችኝ። ቆረጠችው፤ በእርጥብ ሻካራ ወረቀት ፊቴ እስኪታይበት ወለወለችው፤ አሲድ አስነካችው። በማይክሮስኮፑ አሳየችኝ። ብረት ወጥ ነገር ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ውስጡ እንደተበተነ ጭድ፣ መርፌ በመርፌ የተጠላለፈ ነው። በመሃሉ ጥቁር ቀዳዳዎች ተሰልፈዋል። አንድ በአንድ ለካቻቸው።

«ምን አገኘሽ?»

«አንዱ ንጣፍ ከሌላው የሚገናኝበት ላይ ዱቄቱ በደንብ አልቀለጠም። የተሰነጠቀው ከዚያ ነው።»

«የግራውስ?»

«አብሮ የታተመ ከሆነ እንደዚሁ ሊሆን ይችላል። ላይሆንም ይችላል።»

«እዪው ታዲያ! ምን ቸገረሽ?»

«ለማየት መቁረጥ አለብኝ፣ ወንድሜ።»

«ራጅ ሰውን ከነአጥንቱ ያሳይ የለ?»

«ይህን ያህል ደቃቅ ቀዳዳ የኛ ራጅ አያሳይም።»

ሐኪሙ ዘንድ ሮጥኩ። «አጥንቱ አልያዘም፤ አሁን ባወጣው እግሩን ያጣል» አለኝ። ኋላ ደግሞ አጥንቱ በአንድ ጎን ብቻ ያዘ፤ በሌላው ጎን ብረቱን ዋጠው። ማውጣቱ ከመተዉ የባሰ ሆነ። ለታደሰ ስነግረው «እና ምን ላድርግ፣ አልራመድ?» ብሎ ተነሥቶ ሄደ።

ይኸው ሁለታችንም አረጀን። መንገድ ስንወጣ በግራው በኩል ነኝ፤ ጉድጓድ ሳይ ክንዱን እይዛለሁ። «አንተ ሰው፣ ሚስቴ እንኳ እንዲህ አልተጣበቀችብኝም!» ይለኛል። ይበል፤ አልለቀውም። በር እምቢ ካለኝ የምሰብር ሰው ነኝ፣ ይኼን አለማወቅ ግን በምን ልስበረው? ብረቱ መጥፎ ከሆነ ሲሰበር እናውቃለን። ደህና ከሆነ ግን ማንም አይቆርጠውም፤ ይህን ሁሉ ዘመን የፈራነው በከንቱ እንደነበር ሳናውቅ አብሮት ይቀበራል።