የጫልቱ ካብ

ጫልቱ ከኮተቤ በላይ፣ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ በሚያልቅበት ተረተር ሥር፣ ከባሏ ከኢቲቻ ጋር ቀይ ሥር ታለማ ነበር። መሬቱ ድንጋያምና ደረቅ ነበር። ቀይ ሥር ደግሞ የላላ አፈር ካላገኘ ወደ ታች መውረድ ያቅተዋል፤ ይጣመማል፣ ሁለት ሦስት እግር ያወጣል። ባልና ሚስት ድንጋዩን እየለቀሙ ዳር ላይ ሲከምሩ፣ ፍግና አመድ ሲደባልቁ ስንት ዓመት ከርመው አፈሩን አለዘቡት። በበጋ ከላይ የምትወርደው ምንጭ በቦይ እየመጣች ታጠጣላቸዋለች።

ኢቲቻ አልጋ በያዘበት ዓመት ከበላያቸው ያለውን ቦታ ምንያህል የሚባል ባለሱቅ ያዘው። እሱም ቀይ ሥር ዘራ። ጥቅምት ላይ ምንጯን ጠቅልሎ ወደ እርሻው መለሰና የነጫልቱን ቦይ ደፈነው። ጫልቱ ወጥታ ለመነችው።

«ግማሽ ቀን እንኳ ልቀቅልኝ። ሥሩ የሚሞላው አሁን ነው፤ ከተጠማ እንጨት ይሆንብኛል።»

«ውሃ የእግዜር ነው፣ እትዬ ጫልቱ። እኔ ጋ ካወረደው ምን ላድርግ?» ብሎ ሳቀ።

ሽማግሌ ላከችበት፤ ለሽማግሌዎቹም ያንኑ ደገመላቸው።

በዚያ በጋ ቅጠሉ ጠወለገ። ሥሩ ሲነቀል ከአውራ ጣት አይበልጥም፤ ቢቀቀል ቢቀቀል አይበስልም። ኢቲቻ አንዱን በእጁ አገላብጦ አየና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ጥምቀት እንዳለፈ ሞተ። የገደለው በሽታው እንደሆነ ጫልቱ አልጠፋትም። ያ ወደ ግድግዳ የዞረ ፊት ግን ከሆዷ አልወጣ አለ።

«እማዬ፣ ለእግዜር ስጪው» አለቻት ልጇ ሲፋን።

«እግዜር ሥራ ይበዛበታል።»

ግንቦት ላይ ከዳር የተከመረውን ድንጋይ እየተሸከመች በላይኛው ድንበር ላይ ካብ መካብ ጀመረች። በድንጋዩ መካከል ጭቃ እየጠቀጠቀች ቀዳዳውን ሁሉ ደፈነች። ለሚጠይቃት «አፈሬ እንዳይታጠብ ነው» ትላለች። የምንያህል መሬት ጎድጓዳ ነው፤ የክረምቱ ውሃ መውጫው በእሷ እርሻ በኩል ብቻ ነበር። ይህን እሷ ታውቃለች፤ እሱ ገና ክረምት አልገጠመውም።

ሐምሌ ሲገባ ዝናቡ ከእንጦጦ ወረደ። ውሃው ካቡ ጋ ደርሶ ተኛ። ቀይ ሥር ውሃ ቢወድም ውሃ ውስጥ መቆም አይችልም፤ ሥሩ ትንፋሽ ሲያጣ ከጫፉ ይበሰብሳል። ጫልቱ ላስቲክ ተከናንባ በየማለዳው ወጥታ ታያለች። ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን ቁርሷ ጣፈጣት።

ምንያህል እስከ ጉልበቱ ጨቅይቶ መጣ።

«እትዬ ጫልቱ፣ በእናትዎ፣ ካቡን በአንድ በኩል ይክፈቱልኝ። እርሻዬ ኩሬ ሆነ።»

«ውሃ የእግዜር ነው አላልከኝም?»

«ያኔ አጥፍቻለሁ።»

«አጥፍተሃል።»

ድንጋይ ለመንቀል ጎንበስ ሲል ዶማዋን አነሳች። «ንካውና እንተያያለን!» ምንያህል አይኗን አየና ተመለሰ።

የብስባሹ ሽታ ቤቷ ድረስ ሲመጣ ብቻ ካቡን በአንድ በኩል ከፈተችው። ምንያህል አንዱን ቀይ ሥር ቢነቅል እንደ ገንፎ እጁ ላይ ተዘረገፈ።

«አሁን ቀለለሽ?» አለቻት ሲፋን ተቆጥታ።

«ቀለለኝ» አለች። እውነቷን ነበር።

መስከረም ሲወጣ ምንያህል ማንም ሳይጠይቀው የደፈነውን ቦይ ከፈተ። ምንጯ ወረደች፤ የጫልቱም ቀይ ሥር እንደ ቡጢ ሞላ። ሲፋን ከደረሰው አንድ ዘምቢል ሞልታ ለምንያህል ሚስት ልትወስድ ስትነሳ እናቷ ከእጇ ነጠቀቻት።

ዛሬም ወደ ታክሲ በሚወስደው ቀጭን መንገድ ላይ ይገናኛሉ። እሱ ባርኔጣውን አንስቶ እጅ ይነሳል። እሷ አትመልስም፣ መንገድም አትለቅም። ምንያህል ከመንገዱ ዳር ወዳለው ቦይ ወርዶ ያሳልፋታል።